ብሉ ባይ የሌለው ገበታ

ይህን የጻፍኩት አዲስ አበባን አይተው ለማያውቁና ለማየትም አሳብ ለሌላቸው የንፋስ መውጫ ሰዎች ነው። ከእነሱም ይልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው «ትርንጎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ነውሯን አስመርቃ መጣች» እያሉ ለሚያወሩት ነው። ወሬው ካልቀረ ከባለቤቱ ይሰማ። ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ አባቴ የቤተ ልሔም ደብር መርጌታ ነበሩ። «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል?» ላላቸው ሁሉ «ሰው ሲሰድባት መልስ ትጽፍበታለች» ይሉ ነበር። ይኸው ጊዜው ደረሰ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ቤቴ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከስማዳና ከታች ጋይንት በመሬት ክርክር የሚመጣ ባለጉዳይ «ነገ ቅረብ» እየተባለ ሳምንት ይከርማል። ይዞት የመጣው በሶ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ከጣራዬ ጠፈጠፍ ሥር ተጠልለው የሻገተ ድርቆሽ ሲቆረጥሙ አየሁና አስገብቼ አበላኋቸው። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ በሳምንቱ ዐሥር። በየቀኑ ዐሥር ሰው የሚቀልብ ጎተራ የለኝም፤ መሬቱንም የባሌ ወንድሞች ወስደውታል። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው «የድካምሽን እንክፈል» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንጀራ መሸጥ የጀመርኩት በዚህ ነው።

በእኛ አገር ጠላና ጠጅ ይሸጣል እንጂ እንጀራ አይሸጥም። መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፣ ባለቤት ያስገባዋል፣ አለቀ። እንጀራ የሸጠች ሴት እንግዳዋን እንደ ሸጠች ትቆጠራለች።

ጥቅምት ማርያም ዕለት የጽዋ ማኅበራችን በባላምባራስ ጓንጉል ቤት ተሰብስቦ ነበር። እሳቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው ናቸው። የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ስለ ነበር ጽዋውን ይዤ ለመሄድ ተነሣሁ። የማኅበሩ ካህን መምሬ ይትባረክ እጃቸውን ከጽዋው ላይ አላነሡም።

«ትርንጎ ልጄ፣ እንጀራ ከሚሸጥበት ቤት የእመቤታችን ጽዋ አይገባም። እስከ ኅዳር ማርያም ቤቱን ከዘጋሽ ጽዋውን ይዘን እንመጣለን። ካልዘጋሽ ለተከታዩ ያልፋል። አንቺም ከማኅበሩ ትወጫለሽ» አሉኝ።

ከማኅበር መውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ባሌን የቀበሩት፣ ተዝካሩን ያወጡት እነሱ ናቸው። እኔ ስሞትስ ማን ይቆማል? ቤቱን ብዘጋ ደግሞ በሕይወት ሳለሁ የምበላው የለኝም።

«በየትኛው መጽሐፍ ነው የተከለከለው?» አልኳቸው።

«መጽሐፍ ምን ያደርጋል፤ ነውር ነው! አዲስ አበባ እንኳ ጨዋ ሰው ከቤቱ ውጭ አይበላም።»

«አዲስ አበባን ያውቁታል መምሬ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያ ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። እኔ አይቼው እመጣለሁ። ለኅዳር ማርያም እደርሳለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባላምባራስ ሳቃቸው ጠላቸውን አስደፋቸው። እኔ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከንፋስ መውጫ ወጣሁ።

የሄድኩት ከአቶ ሰይድ ጋራ ነው። አቶ ሰይድ ከገበያው ጫፍ የሚኖረው፣ ከመርካቶ ጨርቅ የሚያመላልሰው ነጋዴ ነው። ከሦስት በቅሎዎቹ አንዷን ሰጠኝ። አገር ከሚያወራባት ሴት ጋራ መታየቱን ፈራ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ስለ እኔ የሚወራው ከዚህ ይብሳል፤ ይቀመጡ» አለኝ።

የጉና ተራራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጣቶቼ ልጓም መያዝ አቃታቸውና ከመንገዱ ዳር ካለ አንድ ቤት ደጅ ቆምን። አንድ ሽማግሌ ወጥተው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉን። ማን እንደ ሆንን እንኳ የጠየቁን ከእሳቱ ዳር ከተቀመጥን በኋላ ነው። ሚስታቸው የገብስ እንጀራ በባቄላ ክክ አቀረቡ። ለሰይድ ከድስቱ ሳይነካ አዲስ እንጀራ በማር ሰጡት፤ የእስላም እንግዳ ቅር እንዳይለው ማሩ የተቀመጠበትን ቅል ራሱን ከፊቱ አደረጉለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ብሉ።» በላን። «ብሉ እንጂ፣ ምነው?» ጨመርን። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» ጉርሻ። «አፈር ስሆን!» ሁለተኛ ጉርሻ። ሦስተኛው ላይ ሆዴ ሊፈነዳ ደርሶ እያማረርኩ ዋጥኩ። ይህ ልመና አንድ ቀን ይናፍቀኛል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ጠዋት ሰይድ ጥቂት ጨው ለሚስቲቱ ትቶ ሊወጣ ሲል ሽማግሌው አዩት። «ያሳደርኩህን ልትከፍለኝ ነው?» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ጨውን ከኋላችን ይዘው መጥተው በበቅሎዋ ኮርቻ ላይ አኖሩት። እኔ ቁልቁል ተያያዝኩት። እውነቱን ለመናገር ያን ጠዋት ለመምሬ ይትባረክ ትንሽ ፈረድኩላቸው። ትንሽ ብቻ።

ማክሰኞ ደብረ ታቦር ገባንና በቅሎዎቹን ከሰይድ ወዳጅ ቤት አስቀመጥን። ረቡዕ በአውቶቡስ ተሳፈርን። ስለ አውቶቡስ ብዙ አልልም፤ ከጣራው ላይ በግ፣ ከውስጥ ሰው ተጭኗል፣ ሁለቱም ይጮኻሉ። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ነጠላዬ ላይ አስመለሰች። አፍራ ስታለቅስ እኔው አባበልኳት። ባሕር ዳር የዐባይን ድልድይ ስንሻገር ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ፤ እኔ ነጠላዬን እጠርግ ስለ ነበር አላየሁትም። አያሳዝነኝም። ድልድይ አይበላም።

ሐሙስን ደብረ ማርቆስ ቁንጫ ስንመግብ አደርን። ዓርብ የዐባይን በረሃ ወረድን። አውቶቡሱ ከግማሽ ቁልቁለት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሙቀቱ የእቶን ነው፤ እኔ የንፋስ መውጫ ሰው ቀልጬ የማልቅ መሰለኝ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። አንድ ወታደር የያዘው ጥብስ ብቻ ነበርና ጾም ነው ብሎ ከነመጠቅለያው ይዞ ያየዋል። በሶዬን በጥብጬ ሰጠሁት። ወዲያው ሁሉም ስንቁን ፈታ፤ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሽንብራው በአንድ ነጠላ ላይ ተዘረጋ። «ብሉ፣ ብሉ» ይባባላል ሰው፣ ማን የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ። የማይተዋወቁ አርባ ሰዎች ከቤታቸው ውጭ፣ ያውም ከገደል አፋፍ ላይ፣ አብረን በላን። ነውር ወርዶ አልቀጠቀጠንም።

ማምሻውን አዲስ አበባ ገባን። የአጎቴ ልጅ ዓለማየሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሙሉ የምትባል ሚስቱ እግሬን አጥባ የራሳቸውን አልጋ ለቀቀችልኝ፤ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዓለማየሁ ተንከትክቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ሰው አዲስ አበባ የሚመጣው ቤተ መንግሥት ለማየት፣ አንበሳ ለማየት ነው። አንቺ ምግብ ቤት ልታይ?»

«አንበሳውስ የሚበላው ከቤቱ ውጭ ነው ወይስ ከቤቱ?» አልኩት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ወዳለ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ስምንት ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው ላይ አበባ የተሣለበት ላስቲክ ተነጥፏል። ከረባት ያሰሩ ሰዎች፣ መነጽር ያደረጉ ሴቶች፣ አንድ ሻለቃ ከነልጆቹ ተቀምጠዋል። ዐይኔን ተክዬ ቆጠርኳቸው፤ አንድም ባለጌ የሚመስል የለም። ዓለማየሁ ዶሮ ወጥ አዘዘልኝና መንገድ ላይ አለቃውን ስላየ «መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ዶሮው መጣ። ያመጣችው ልጅ አስቀምጣልኝ ሄደች። እኔም እጄን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ጠበቅሁ። ወጡ ይጨሳል፣ ሽታው አንጀቴን ይዞ ይጎትተዋል። ባለቤቷን አየሁ፤ ከወዲያ ጥግ ሰው ያነጋግራሉ። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ቀመስ አድርገው «ብይ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጡም። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ጨርሶ ወጣ፤ ሌላ ተተካ። ወጡ ላይ ቅቤው መርጋት ጀመረ። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ አይተውኝ መጡ።

«ምነው እትዬ፣ አልጣመሽም?»

«ኧረ እኔ አልቀመስኩትም።»

«ለምን?»

«ብይ ያለኝ የለማ!»

ምግብ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሻለቃው ሳይቀር ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ተነሥቼ ለመውጣት ነጠላዬን ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ግን እልኬ መጣ። ለምንድን ነው የምወጣው? ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሳቁ! እኔ አገር ሳይለመን የሚበላ ከብት ብቻ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ አልሳቁም ነበር። ወንበር ስበው ከፊቴ ተቀመጡ፣ የረጋውን ወጥ አስመልሰው ትኩስ አስመጡ፣ ከዶሮው ቆርሰው አጎረሱኝ። «ብይ፣ በሞቴ» አሉኝ። «እኔም ከሜጫ የመጣሁ ጊዜ እንዳንቺ ቁጭ ብዬ ነበር። እዚህ እኮ ደጁ ላይ ግቡ ካልን ብሉ ማለታችን ነው፤ ለስምንት ጠረጴዛ እየዞርኩ በሞቴ ብል ስንቴ ልሙት?»

እኔም ሳቅሁ። ዶሮው ግሩም ነበር፤ ሁለት ቀን የተቁላላ ሽንኩርት መሆኑን ምላሴ ነገረኝ። ሽሮዋን በኋላ ቀምሼዋለሁ፤ ከእኔ አይበልጥም። ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰይድ ከመርካቶ መጥቶ ወሰደኝ። ከጨርቅ ተራ ጀርባ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ወንበሩ ረጅም ጣውላ ነው፤ ሳምቡሳ ከዘይት እየወጣ በጋዜጣ ይቀርባል። ውስጡ ምስር ነው። ሰይድና እኔ ጎረቤት ሆነን ስንኖር ከአንድ ሳህን ቀምሰን አናውቅም፤ የእሱ ሥጋ ለእኔ፣ የእኔ ሥጋ ለእሱ አይሆንም። ምስር ግን ሃይማኖት የለውም። አንዱን ጋዜጣ በመካከላችን ዘርግተን ስምንት ሳምቡሳ ጨረስን። ሰይድ አፉን እየጠረገ፣ «ሃያ ዓመት በመንገድ ስበላ ነውር አላጋጠመኝም፤ ረኀብ ግን አጋጥሞኛል» አለኝ። ከአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች አንዱን ብቻ ይዘሽ ነይ ቢሉኝ የማመጣው ያንን ጣውላ ነው።

ሰኞ ዓለማየሁ «እንግዲህ የሠለጠነውንም እይ» ብሎ ከአንድ ጣሊያን ቤት አስገባኝ። ፓስታ መጣ፤ የተተበተበ ድውር ይመስላል። ሹካ ሰጡኝ። አንዱን ሳነሣ ሌላው ይወርዳል፣ ሌላውን ስይዝ ሁሉም ተያይዞ ይነሣል። ሹካውን አስቀምጬ በእጄ በላሁ። ዓለማየሁ «ኧረ እትዬ፣ ሰው ያያል» እያለ ላብ አጠመቀው። ይይ! የበላሁባቸው ጣቶቼ ከማን ሹካ ያንሳሉ? ጣሊያኑ ራሱ ከጓዳ ወጥቶ አይቶኝ፣ ሳይከፋው አንድ ጭልፋ ጨመረልኝና በጣቱ ወደ አፉ እያመለከተ እንድበላ ነገረኝ። በቋንቋው ብሉ ማለቱ ነበር። ወደድኩት፤ ፓስታውን ግን አልወደድኩትም።

የመጣሁበትን ያገኘሁት ረቡዕ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የጾም ምግብ ብቻ የሚያበስል ቤት እንዳለ ሙሉ ነግራኝ ብቻዬን ሄድኩ። ገና ከደጁ ጥምጥም አየሁ። አንድ ካህን፣ ሸምገል ያሉ፣ መስቀላቸውን ከጠረጴዛው ላይ አኑረው ከበያይነቱ እየቆረሱ ይበላሉ። ሄጄ መስቀል ተሳለምኩና ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ነው ልጄ?»

«አባቴ፣ ከቤት ውጭ መብላት ነውር ነው?»

ጉርሻቸውን ውጠው ቀና ብለው አዩኝ። «ቤቴ ላስታ ነው። በደብራችን መሬት ጉዳይ እዚህ ከመጣሁ አራተኛ ወር ነው። ከቤት ውጭ ካልበላሁ የት ልብላ?»

ባለጉዳይ ነበሩ። የእኔ ደንበኛ! ታሪኬን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መምሬን፣ ጽዋውን፣ የስማዳውን ሽማግሌ። ከዚያ ገበታውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ነውሩን ልንገርሽ? አራት ወር ሙሉ ብቻዬን ስበላ ብሉ አባቴ ያለኝ የለም። የሸጡልኝን አላማርርም፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ባይሸጡልኝ ሞቼ ነበር። ነይ፣ ቅረቢ፣ ባርኬዋለሁ፤ አብረን እንብላ» አሉኝ።

የስልጆው ሰናፍጭ ሲያቃጥለኝ ዕንባዬን አመካኘሁበት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለመምሬ ይትባረክ የምመልሰውን አወቅሁ። ለዓለማየሁም፣ ለሙሉም ግን አልነገርኩም።

ሐሙስና ቅዳሜ ወይዘሮ አስካለ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ። በነጻ ላጥኩ፤ እሷም በነጻ አስተማረችኝ። የፍስኩንና የጾሙን ድስት በክዳኑ ላይ ክር እያሰሩ መለየትን፣ ስድስት ወጥ በአራት ምድጃ ማብሰልን፣ የሰከረ ሰው እንዴት እንደሚሸኝ። ለመሰናበት ስሄድ ከግድግዳዋ ላይ ትልቅ የብረት ትሪ አውርዳ ሰጠችኝ፤ ዐሥራ ሁለት ሰው ይከበዋል። «ለዘመድ ሲሆን እንጂ ለደንበኛ አላወጣውም። እዚህ ሁሉም ለየራሱ ሳህን ነው የሚፈልገው። አንቺ ጋ ሥራ ያገኛል» አለችኝ። ተላቀስን።

መመለሻውን አላረዝመውም፤ ስንሄድ የመገብነው ቁንጫ ሁሉ በደህና ቆይቶ ተቀበለን። ከጉና ቁልቁለት ላይ ግን ትሪው ከበቅሎዋ ጎን ከድንጋይ ተጋጭቶ እንደ ደወል አስተጋባ። በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ የሰይድን ጨርቅ በየቁጥቋጦው ላይ እየዘራች ሮጠች። ያ ያሳደሩን ሽማግሌ ከነጎረቤቶቻቸው ወጥተው እስከ ማምሻው ለቀሙልን። አሁንም አሳደሩን፤ አሁንም በሞቴ ተባልን። ዶሮ ወጥ ፊት ቁጭ ያልኩበትን ነገር ስነግራቸው ሚስታቸው አልሳቁም። «ውይ ልጄን! የበላሽ መስሏቸው ዝም አሉሽ?» ብለው አንድ ጉርሻ ጨመሩልኝ። ይህንኛውን ሳላማርር ዋጥኩት።

ለኅዳር ማርያም አራት ቀን ሲቀር ደረስኩ። ቤቴን በማግስቱ ከፈትኩት። ጠላ ጠመቅሁ፣ ዳቦ ደፋሁ።

የማርያም ዕለት ከቅዳሴ መልስ መጡ። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ መምሬ ይትባረክ ከፊት፣ ባላምባራስ ጓንጉል ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከኋላ። በረንዳዬ ላይ ሰባት የስማዳ ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። አለፏቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ ጽዋው ከባላምባራስ ጉልበት ላይ አልወረደም።

ትሪውን ከመካከል አኖርኩት። ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ምስር፣ ጎመን፤ የአዲስ አበባ በያይነቱ ምን ቢያደርግ አይደርስበትም። እጃቸውን አስታጠብኩ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩና አፌን ዘጋሁ።

ጠበቁ። ሽሮው ይንተከተካል። ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ማኅበርተኛ እጇን ልትሰድ አለችና ደንግጣ መለሰች። ሽሮው መንተክተኩን ተወ። መምሬ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ላያቸው ስል ወይዘሮ አስካለ ቤት የተቀመጥኩባት ወንበር ትዝ አለችኝ፤ አዘንኩላቸውም። ግን አልተናገርኩም።

«ምነው ትርንጎ፣ ብሉ አትይንም?» አሉ ባላምባራስ፤ ሆድ ብሷቸው ነበር።

«ብሉ የምለው ለእንግዳ ነው ባላምባራስ። ለዳኛ ብሉ ቢባል ጉቦ ይሆናል። እናንተ ምን ሆናችሁ እንደ መጣችሁ አልነገራችሁኝም።»

ከበረንዳው ከባለጉዳዮቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሲስቅ ተሰማ፤ ጉቦ የምትለዋን ቃል እነሱ ያውቋታል።

መምሬ ይትባረክ ቀስ ብለው «ቤቱን ዘግተሻል?» አሉኝ።

«አልዘጋሁም። አልዘጋምም። አዲስ አበባን አየሁት መምሬ። ጥምጥም ያደረጉ የላስታ ካህን ከቤታቸው ውጭ ሲበሉ አገኘሁና ነውር ነው ወይ አልኳቸው። ቤቴ ላስታ ነው፤ የት ልብላ አሉኝ። ነውሩ ብቻቸውን መብላታቸው፣ ብሉ የሚላቸው ማጣታቸው ነበር። እኔ እሸጣለሁ፤ ግን ከቤቴ ብሉ ሳይባል የበላ ባለጉዳይ የለም፣ ይኸው ይጠየቁ። እርስዎስ የዜማ ተማሪ ሳሉ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ስንት ደጅ ቆመው በልተዋል? ያበላዎት ሁሉ ቤትዎ ነበር?»

መምሬ አቀርቅረው ትሪውን አዩት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። ሰባቱ ባለጉዳዮች ተነሥተው በበሩ መቃን በኩል ያዩናል። ከእነሱ አንዱ እኒያ የሻገተ ድርቆሽ ሲቆረጥሙ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጉዳያቸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሁለት ማኅበርተኞች ተነሥተው ወጡ። እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ሲወጡ መምሬ አላስቀሯቸውም፤ አልተከተሏቸውምም።

«ባዶ ቦታ አለ» አሉ መምሬ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው እሾህ እንደ ወጋው ሰው ነበር። «እኒህን አባት አስገቧቸው። ባላምባራስ፣ ጽዋውን አውርዱት እንጂ፣ ምን አቅፈው ይቀመጣሉ።» ወደ እኔ ሳያዩ ጨመሩ፦ «እንግዶችሽ ነን።»

ተነሥተው ዳቦውን ባረኩ። የስማዳው ሽማግሌ ከባላምባራስ ጎን ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተጠጋግተው ገቡ። ዐሥራ ሁለት የሚለውን ትሪ ዐሥራ ስድስት ሆነው ከበቡት። እኔ ግን ገና «ብሉ» አላልኩም። እጃቸውን ሰብስበው፣ ካህኑም ባለጉዳዩም፣ ሁሉም እኔን እያዩ ጠበቁኝ።

ጽዋው አንድ ወር ሙሉ እኔ ቤት ከረመ። ከዚያም ወደ ተከታዩ ሄደ፣ እንደ ደንቡ። ቤቱ አልተዘጋም። አዲስ አበባን ላታዩት ትችላላችሁ፤ ያለ እሱም ይኖራል። ፍርድ ቤት ደጅ ሳይቆም የሞተ የጋይንት ሰው ግን አላውቅምና አንድ ቀን ከቤቴ ደጅ ትደርሳላችሁ። ያን ጊዜ እንደ እኔ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ብትቀመጡ፣ እመጣለሁ፣ ከፊታችሁ እቀመጣለሁ፣ ቆርሼ እቀምሳለሁ። ከዚያ ያን ዕለት ለዐሥራ ስድስቱ በመጨረሻ ያልኳቸውን እላችኋለሁ፦

«ብሉ። በሞቴ፣ ብሉ!»